«ከስፖርት ነፃ ይደረግ» የሚል ወረቀት ይዘናል፤ ልጄ ግን መሮጥ ነው የሚፈልገው

የጃኬት ጠባቂው እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ሁልጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። አስም እንዳለበት ካወቅን አራት ዓመት አለፈ። የዛሬ ሁለት ዓመት በኃይል ታሞብን ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ አንዲት መስመር ተጻፈችልን፤ «ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ነፃ ይደረግ» ትላለች። እስከ መቼ እንደሆነ አትልም። እኔም አልጠየቅሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ ወረቀቷን ስቀበል እፎይ ነው ያልኩት።

ከዚያ ወዲህ እኩዮቹ ሲሮጡ እሱ ዳር ተቀምጦ ጃኬት ይጠብቃል። የክፍሉ ልጆች እየሮጡ መጥተው ጭኑ ላይ ጣል ያደርጉለታል። ባለፈው ሰሞን ደረጃ ስንወጣ ሦስተኛ ፎቅ ሳንደርስ ቆመና «አየሽ እማ፣ በሽታዬ ባሰብኝ» አለኝ። ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጥፌ ሰማሁ። ሲር ሲር የለም፣ ሳል የለም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሹ ተመለሰና ወሬውን ቀጠለ። እንግዲህ ይኼ አስም ነው ወይስ መቀመጥ ያመጣው ጣጣ? እንዲሮጥ ፈቅጄለት አንድ ነገር ቢሆንብኝስ? ቀጠሯችን ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። «ሐኪም አማክሪ» ብላችሁ ብቻ እንዳትሄዱ በናታችሁ።

ተረኛ ነርስ

እህቴ፣ የመልሱን ግማሽ ራስሽ ጽፈሽዋል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰ አልሽ አይደል? ስፖርት የቀሰቀሰው አስም እንዲያ በቀላሉ አይለቅም። ብዙ ጊዜ የሚብሰው እንዲያውም ሩጫው ከቆመ በኋላ ነው። በ5 እና በ15 ደቂቃ መካከል ሳል ይጀምራል፣ ደረቱን ያፍነዋል፣ ሲር ሲር ይላል፣ መድኃኒት ካልወሰደ ግማሽ ሰዓትም አንድ ሰዓትም ሊቆይ ይችላል። ያልለመደ ሰውነት ግን አረፍ ሲል ይመለሳል። ሁለት ዓመት የተቀመጠ ጤነኛ ልጅም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለከልካል። ክፋቱ ልጁ ሁለቱን አይለይም። ድካሙን «በሽታዬ» ይለዋል፣ ስለዚህ ይቀመጣል፣ በተቀመጠ ቁጥር ደግሞ ቶሎ ይደክመዋል።

ለምን እንደሚቀሰቀስ ማወቁ ይረዳሻል። ስንሮጥ በአፍ ነው የምንተነፍሰው። አፍንጫ ሞቅና ረጠብ የሚያደርገው አየር እንዳለ ቀዝቅዞና ደርቆ ይገባል፣ የአየር ቧንቧው ይደርቅና ይጨመደዳል። ብርድ ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው። ዋና ለብዙ አስም ላለባቸው ልጆች የሚቀላቸውም ለዚህ ነው፣ ውሃው ላይ ያለው አየር እርጥብ ነዋ (ክሎሪን የሚቀሰቅስባቸው አሉ፣ እሱን አይቶ ነው)።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የሚያስታግሰውን ፓፍ (በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት) በሳምንት ስንት ቀን ይወስዳል? ሌሊትስ ሳል ያስነሳዋል?

የጃኬት ጠባቂው እናት

በሳምንት ሦስት አራት ቀን። ሌሊትም አንዳንዴ። በየቀኑ የሚወሰደውን ደግሞ ሲሻለው ጊዜ አቆምነው፣ ስቴሮይድ ነው ሲሉኝ ፈርቼ። ስድባችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

ተረኛ ነርስ

ስድብ የለም፣ ስንቱ ወላጅ ነው እንዲሁ የሚያደርገው። ግን ቁልፉ እዚያ ጋ ነው። በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ማስታገሻ የሚፈልግ ልጅ አስሙ አልተያዘም። ማስታገሻው የተጨመደደውን ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ ውስጡ ያለውን ብግነት አይነካም። ብግነቱን የሚያበርደው ያቆማችሁት ነው። የሚሳበው ስቴሮይድ መጠኑ ትንሽ ነው፣ በቀጥታ ሳንባ ላይ ነው የሚሠራው። ከወሰደ በኋላ አፉን ይጉመጥመጥ፣ በቃ።

ሦስት ሳምንት አትጠብቂ፤ ደውለሽ «ማስታገሻውን በሳምንት አራት ቀን እየወሰደ ነው» በያቸው፣ ቀጠሮው ይቀደማል። እስከዚያ ሩጫው ይቆይ። በእግር መሄድ፣ ደረጃ በዝግታ መውጣት ግን ምንም አይለውም። ለወደፊቱም እንዲህ ሲሆን ሩጫ የለም በይ፦ ጉንፋን ሲይዘው፣ ትኩሳት ሲኖረው፣ በቅርቡ ተነስቶበት ገና ሳያገግም።

ዝም አልልም

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ደፋር ናችሁ። ስክሪን ጀርባ ተቀምጦ የሰው ልጅ ማስሮጥ ቀላል ነው። ሐኪም ጽፎ ከልክሏል እኮ! አንድ ነገር ቢሆን ማናችሁ ናችሁ ተጠያቂው? መቀመጥ ማንንም ገድሎ አያውቅም።

ተቀምጬ ያደግኩ

ወንድሜ፣ ለአንተ እኔ ልመልስልህ።

ልቤ ላይ ቀዳዳ ይዤ ነው የተወለድኩት። በ5 ዓመቴ ተሰፋ። ቀዶ ጥገናው የፈጀው ጥቂት ሰዓት ነው፤ «እሱ አይሩጥ» የሚለው ቃል ግን 17 ዓመት ፈጀ። ማን እንዳለው እንኳ ዛሬ ቤታችን ውስጥ የሚያስታውስ የለም። አንዱ ሐኪም ለማገገሚያ ጊዜ ያለው ይመስለኛል፣ ከዚያ ከአክስት ወደ አክስት፣ ከክፍል ወደ ክፍል እየተላለፈ ሕግ ሆነ። በ22 ዓመቴ አንዲት የልብ ሐኪም ደረቴ ላይ ገመድ ለጣጥፋ ትሬድሚል ላይ አወጣችኝ። እስክዝል አስሮጠችኝ። ከዚያ ወረቀቱን እያየች «ማነው ስፖርት የከለከለህ?» አለችኝ። እናቴ አጠገቤ ነበረች። አቀረቀረች። እሷን አልወቅሳትም፣ ያ ፍርሃት ፍቅር ነው።

ግን መቀመጥ ምንም አያመጣም አትበለኝ። ያኔ የደም ግፊቴ ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር፣ ክብደቴን ተዉት። ኳስ ወደ እኔ ሲመጣ እስካሁን ዓይኔን እጨፍናለሁ። ልጅ ሆኖ ያልለመደው ሰውነት ነው። ጓደኛ እንዴት እንደሚያዝም እኩዮቼ ሜዳ ላይ ሲማሩት እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ።

ለማንኛውም ሾን ዋይትን ፈልጋችሁ እዩት። ከነልብ ሕመሙ ተወልዶ ገና ሕፃን ሳለ የተቀደደ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በ2010 እና በ2018 በስኖውቦርድ (በረዶ ላይ በሰሌዳ መንሸራተት) የኦሊምፒክ ወርቅ አጥልቋል።

ሦስቱም የኔ ናቸው

ፓውላ ራድክሊፍም አስም አለባት። እ.ኤ.አ. በ2003 ለንደን ላይ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ ገብታ ክብረ ወሰኑ 16 ዓመት ቆሟል።

የጃኬት ጠባቂው እናት

ኧረ ሻምፒዮኖቹን ተዉልኝ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምፈልገው 😄

ተረኛ ነርስ

ሃሃ። ግን ተቀምጬ ያደግኩ ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሌላ የልብ ሕመምተኛ ልጅ ያለው ሰው እንዳይሳሳት። ልብ ሁሉ አንድ አይደለም። የልብ ጡንቻ ያለቅጥ የወፈረባቸው፣ የልብ በራቸው በጣም የጠበበ፣ አንዳንድ ከቤተሰብ የሚወረስ የምት መዛባት ያለባቸው ልጆች አሉ። እነሱ ላይ ገደቡ እውነተኛ ነው። ልብ ጡንቻው ተቆጥቶ የነበረ ልጅም ወራት ማረፍ አለበት። እየሮጠ ራሱን የሳተ ልጅ ደግሞ ሳይመረመር ወደ ሜዳ አይመለስም፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ቢሆንም እነሱም ቢሆኑ አብዛኞቹ የሚፈቀድላቸው ነገር አላቸው። ጥያቄው «ይችላል ወይስ አይችልም» ከሆነ ሐኪሙ በጥንቃቄ አይችልም ይላችኋል፣ ይቀለዋላ። «ምን ያህል፣ ምን ዓይነት፣ ምን ሲያይ ያቁም» ብላችሁ ስትጠይቁት ግን ቁጭ ብሎ ያስባል።

አባቷ

እኔ የመጣሁት ከሌላ ሰፈር ነው፣ ስኳር፣ አንደኛው ዓይነት። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፣ በ7 ዓመቷ ነው የያዛት። የመጀመሪያውን ዓመት እኔም ከልክያት ነበር። ስኳሯ ሜዳ ላይ ወርዶ ብትወድቅስ ብዬ። ከዚያ ሐኪሟ ስኳሯን ለማስተካከል ኢንሱሊን ስንጨምር ስንቀንስ አይታ «ይቺ ልጅ ትሩጥ እንጂ» አለችን።

ቁጥሮቻችንን ልንገራችሁ፣ የራሳችሁን ከሐኪማችሁ ጋር አስተካክሉ። ከመጀመሯ በፊት እንለካለን። ከ90 በታች ከሆነ ስኳር ያለው ነገር ትወስዳለች፣ ትጠብቃለች፣ ደግማ ትለካለች። ከ90 እስከ 270 ባለው ትገባለች። ከዚያ በላይ ከሆነ ኬቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚመጣ አሲድ) እናያለን፤ ኬቶኗ 1.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያ ቀን ስፖርት የለም፣ ምክንያቱም ኢንሱሊኗ አንሷል ማለት ነው፣ ሩጫው ኬቶኑን ያብሰዋል። ልትሮጥበት ያለችው እግር ላይ ኢንሱሊን አትወጋም፤ የሚሠራ ጡንቻ ላይ ሲወጋ ቶሎ ይመጠጣል። ይህንን ያወቅነው አንድ ቀን ጭኗ ላይ ወግተን ብስክሌት ላይ ካወጣናት በኋላ ነው 🙈

ማንም ያልነገረን ግን ሌሊቱን ነው። ከሰዓት ውድድር ነበራት፣ ስኳሯ ሲጨርሱ 140፣ ስትተኛም ደህና። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በላብ ተጠምቃ አገኘናት፣ 48። ለካ ጡንቻ ሲሠራ ያከማቸውን ስኳር ይጨርስና ከዚያ ለብዙ ሰዓት ከደም እየሳበ ጎተራውን ይሞላል። የውድድር ቀን ማታ አሁን ደወል ሞልቼ ነው የምተኛው።

ሌላ ያስገረመኝ፣ ረጅም ሩጫ ያወርድባታል፣ የመቶ ሜትር ዓይነት አጭር ፍጥነት ግን አንዳንዴ ከፍ ያደርግባታል፣ በአድሬናሊኑ። መጀመሪያ ሲያጋጥመን የስኳር መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ መለኪያው፣ ስኳር ያለው መጠጥና ወረቀት አለ። ሁለት ጓደኞቿ ስትንቀጠቀጥ ወይም ያለወትሮዋ ስትነጫነጭ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ። እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እነሱ ይቀድማሉ።

ሜዳ ነው ቢሮዬ

የስፖርት መምህር ነኝ። ከእኛ ወገን ያለውን ማንም አይጽፍም፣ ልጻፈው።

በየዓመቱ መጀመሪያ እነዚያ ወረቀቶች ይደርሱኛል። «ነፃ ይደረግ»። ነፃ የወጣ ልጅ ምን ያድርግ? ወረቀቱ አይናገርም። እኔም እፈራለሁ፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ከፊቴ ሌሎች አርባ ልጆች አሉ። ስለዚህ ሰዓት ያዝ እለዋለሁ፣ ነጥብ ጻፍ እለዋለሁ። ጃኬት ጠባቂ ያደረጉት መምህር እኔ ልሆን እችል ነበር፣ አፍሬም ነው የምጽፈው።

ከወላጅ የምፈልገው አንድ ገጽ ነው። የሚችለው ምንድነው፣ ምን ሳይ ላስቆመው፣ ባቆመ ጊዜ ምን ልስጠው፣ ለማን ልደውል። መድኃኒቱ ደግሞ የሚቆለፍ ቢሮ ውስጥ አይሁን። አንድ ጊዜ ቁልፉን የያዘው ሰው ምሳ ወጥቶ ነበር፣ እሱን አስር ደቂቃ አልረሳውም።

አስም ላለበት ልጅ የማደርገውን ልንገርሽ እህቴ። ለሁሉም ነው የማደርገው፣ እሱ ብቻ እንዳይለይ። 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ቀስ ብሎ፣ መሃል መሃል ፈጠን እያለ። ድንገት ፊሽካ ነፍቶ ማስሮጥ ነው የሚጎዳው። ሮጥ ቆም ያለባቸው ጨዋታዎች ሳያቋርጡ ከመሮጥ ይሻላሉ። ሲጨርሱም ወዲያው አላስቀምጣቸውም። እየሠራ ማውራት ከቻለ ደህና ነው፤ መዝፈን ከቻለ ገና አልሠራም ማለት ነው 😄 ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው አቁሞ ቁጭ ይበል፣ ቀጥ ብሎ፣ አይጋደም።

ተረኛ ነርስ

በጣም ትክክል። ሐኪሙ ካዘዘለት ደግሞ ማስታገሻውን ከሩጫው 10 ወይም 15 ደቂቃ ቀድሞ መውሰድ ይቻላል። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ወስዶም ካልተሻለው ድንገተኛ ክፍል ነው፣ «ትንሽ እንየው» አይባልም።

ዝም አልልም

ቅድም በቁጣ ነው የጻፍኩት። የኔ ልጅ የሚጥል በሽታ አለባት፣ 8 ዓመቷ ነው። አንድ ጊዜ ጨዋታ ላይ ወድቃ ጥርሷ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ሥር ካልሆነች ልቤ አይረጋም። ዋና መማር ትፈልጋለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሲሞቅ» እያልኩ አታልላታለሁ። ስለ እሷ የምታውቁት ካለ ንገሩኝ። ሌላውን ነገሬን እርሱት።

ተረኛ ነርስ

አይዞህ ወንድሜ። ጥርስ የተሰበረበትን ቀን ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም።

ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ስፖርቶችን በሦስት መድቧቸዋል። የመጀመሪያው ምድብ ተጨማሪ አደጋ የሌለባቸው ናቸው፣ እንደ ሩጫና እንደ አብዛኛው የቡድን ጨዋታ። መካከለኛው እንደ ዋና፣ ብስክሌትና ጂምናስቲክ፤ ሦስተኛው እንደ ጥልቅ ውሃ መጥለቅና እንደ ሞተር ውድድር ያለው ነው፣ እሱን እርሱት። ልጅህ የት እንደምትወድቅ የሚወስነው በምን ያህል ጊዜ እንደሚጥላት፣ ሲመጣ ይታወቃት እንደሆነና መድኃኒቱ ይዟት እንደሆነ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ሩጫው ራሱ ያስነሳባታል ብሎ ነው፣ ያ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። መድኃኒት መዝለልና እንቅልፍ ማጣት ይብሳሉ።

ውሃ ላይ ግን ቀልድ የለም። ሐኪሟ ከፈቀደ አንድ አዋቂ ለእሷ ብቻ፣ እጁ ሊደርስባት በሚችልበት ርቀት፣ ውሃ ውስጥ። ዳር ሆኖ ስልክ የሚያይ ሰው አይቆጠርም። አንተ ራስህ ብትገባስ?

ዝም አልልም

ዋና አልችልም።

ተረኛ ነርስ

እንግዲያው አብራችሁ ተማሩ፣ እሷን የሚይዝላት ሌላ ሰው ይኑር 🙂

እሽት አድራጊው

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ዘግይቼ መጣሁ። ሁለት ነገር ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በሳምንቱ ውስጥ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል፣ አካል ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል። ይህን 60 ደቂቃ ሰምቶ ተስፋ የሚቆርጥ ወላጅ በየሳምንቱ አያለሁ። በአንድ ጊዜ አይደለም፣ በመጀመሪያው ወርም አይደለም። ለሁለት ዓመት ለተቀመጠ ልጅ በ5 ደቂቃ እንጀምራለን፣ ትንሽም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

ሁለተኛው የመገጣጠሚያ ብግነት ላለባቸው ልጆች ወላጆች ነው። ድሮ እኛም ዕረፍት ነበር የምናዘው። የማይንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ጡንቻው ይሰልላል፣ አጥንቱ ይሳሳል። ጠዋት ተይዞ የሚነሳ ልጅ ከሰዓት ይጫወት፣ ያበጠ መገጣጠሚያ ላይ አይዝለል፣ ያ ነው ወሰኑ። ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ላለባቸውም የጥንካሬ ልምምድ ጡንቻቸውን የባሰ ይገትረዋል ተብሎ ይፈራ ነበር፣ አይገትረውም።

የጃኬት ጠባቂው እናት

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ የጠፋሁት ነገሩን ሳላይ ላለመጻፍ ነው።

ደወልኩ፣ በአራተኛው ቀን ገባን። ሌላ ሐኪም ናት። ቱቦ ውስጥ አስነፋችው፣ ከዚያ «እስቲ እንዴት እንደምትወስድ አሳየኝ» አለችው። አሳያት። ፓፉን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ጭስስ፣ ምላሱ ላይ። አራት ዓመት ሙሉ መድኃኒቱን ምላሱ ነበር የሚወስደው! ስፔሰር ሰጠችን፣ ፓፉ ጫፉ ላይ የሚገጠምበት የፕላስቲክ ቱቦ ነው። መከላከያው ተመለሰ፣ ጠዋት ማታ፣ ከጥርስ ብሩሹ አጠገብ ነው የምናስቀምጠው። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሌሊት አይነሳም። ማስታገሻውን ባለፈው ሳምንት አንዴ ብቻ ወሰደ።

ወረቀቱን ለመምህሩ እዚህ እንደተጻፈው አንድ ገጽ አድርጌ ሄድኩ፣ ሐኪሟ ፈርማበታለች። መምህሩ ሁለቴ አነበበው። «ይኼንን ከድሮም ብታመጪልኝ» አለኝ፣ ቅር ሳይለኝ አልቀረም ግን እውነቱን ነው።

ማክሰኞ የመጀመሪያው ቀን ነበር። አጥር ጋ ቆሜ አየሁት፣ አላየኝም። ማሟሟቂያውን ጨረሰ። ከዚያ አራት ደቂቃ ያህል ሮጦ ቆመ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። እግሬ ወደ በሩ ሲሄድ ራሴን ያዝኩት። ደረቱን ነካ ነካ አደረገ፣ የሚያዳምጥ ይመስል። ከዚያ ተመልሶ ገባ። ማታ «እማ፣ ድካም ብቻ ነበር» አለኝ። የሚሻለኝን ራሴ ነኝ የማውቀው ብሎ ደግሞ ጃኬቱን ሌላ ልጅ ላይ ጥሎ መጥቷል፣ እሱን ለብቻው እናወራበታለን።

ነርሷ፣ አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ስፔሰሩ ውስጡ ነጭ ነጭ ይዟል። አልኮል ባለው ጨርቅ ልጥረገው?

ተረኛ ነርስ

አይ አይ! ጨርቅ አታስነኪው። ሲፈተግ ውስጡ በኤሌክትሪክ ይሞላና መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል፣ ለልጁ ጥቂት ነው የሚደርሰው። ለብ ባለ ውሃና ትንሽ የዕቃ ሳሙና ነክረሽ አውጪው፣ አቁመሽ በራሱ ይድረቅ። በየሳምንቱም አይደለም፣ በወር አንዴ ይበቃዋል።

ዝም አልልም

እኛም ቅዳሜ እንጀምራለን። ለእኔ ልብስ ገዝታልኛለች፣ ቀለሙን አትጠይቁኝ።